የቡና ችግኝን ከፍሬው ጀምሮ በጓሮ ማፍላት፦ ለጅማና ለአካባቢዋ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በጅማ ከተማ ትንሽ ጓሮ ያለው ሰው ከጎመኑና ከእንሰቱ ጎን አሥር ወይም ሃያ እግር ቡና ቢኖረው ደስ ይለዋል። ብዙዎቻችን ይህን ምኞት የምንፈጽመው ግን በአቋራጭ ነው፤ ክረምት ሲገባ ከአሮጌ የቡና ዛፍ ሥር በራሱ ጊዜ የበቀለውን ችግኝ በእጃችን ነቅለን፣ ትንሽ ጉድጓድ ምሰን እንተክለዋለን። ችግኙ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ስለሚለመልም ሥራው የተሳካ ይመስላል። እኔም በዚህ መንገድ አሥራ ሁለት እግር ተክዬ በሦስተኛው ዓመት በጋ ሰባቱ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ደረቁብኝ። ነቅዬ ስመለከታቸው የሁሉም ዋና ሥር ወይ ተበጥሷል ወይም እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ታጥፏል። ዋና ሥሩ ቀጥ ብሎ ያልወረደ ቡና ክረምቱን እንደ ማንኛውም ችግኝ ያልፋል፤ በጋው ሲረዝም ግን ወደ ታች የሚደርስበት እርጥበት የለውም። ከዚያ ወዲህ ችግኜን ከፍሬው ጀምሮ ራሴ ማፍላት ጀመርኩ። ከዚህ በታች የማቀርበውም ያንን አሠራር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ወሮች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜውን ከመጨረሻው መቁጠር

በጅማ አካባቢ ችግኝ ወደ ቋሚ ቦታው የሚዛወረው ክረምቱ በደንብ ከገባ በኋላ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ችግኙ ከ6 እስከ 8 ጥንድ እውነተኛ ቅጠል ሊኖረው ይገባል። ለዚህ እንዲደርስ ዘሩ በታኅሣሥ ወይም ቢዘገይ በጥር መዘራት አለበት፤ ዘሩ በታኅሣሥ እንዲዘራ ደግሞ ፍሬው በኅዳር መለቀም ይኖርበታል። የአካባቢያችን ቡና በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ አብቦ በጥቅምትና በኅዳር የሚቀላ በመሆኑ ይህ አቆጣጠር ከተፈጥሮው ጋር ይገጥማል። በመጋቢት የሚዘራ ሰው ችግኙ ለሐምሌ አይደርስለትም፤ ለጋ ችግኝ ከመትከል ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ እያለ በጋውን አሻግሮ ለሚቀጥለው ክረምት ማቆየት ይሻላል።

እናት ዛፍ መምረጥና ፍሬ መልቀም

የአረቢካ ቡና አበባ በአብዛኛው የሚዳቀለው በራሱ ብናኝ ነው። ስለዚህ ከዘር የሚወጣው ችግኝ እናቱን ይመስላል፤ ጥሩ እናት ዛፍ የመረጠ ሰውም ድካሙ ከንቱ አይሆንም። ለአንድ ዓመት ብቻ በፍሬ የተሸፈነ ዛፍ ግን ለእናትነት አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት የምርት ዘመን የታየ፣ ከዓመት ዓመት ሳያቋርጥ የሚያፈራ፣ ቅርንጫፉ ያልደረቀና ፍሬው ያልጠቆረ ዛፍ መሆን አለበት።

የፍሬ መጥቆርን ነገር አጥብቄ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በተለምዶ ሲቢዲ እየተባለ የሚጠራውና ለጋ ፍሬን አጥቁሮ የሚያረግፈው የፈንገስ በሽታ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ከከተማችን ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ለብዙ ዓመታት የደከመው ይህን በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለመምረጥ ነው። ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74158 እና 74165 የዚያ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። እነዚህ ዝርያዎች ቅርንጫፋቸው ጠቅጠቅ ያለና ቁመታቸው አጠር ያለ በመሆኑ ለጠባብ ጓሮም ይመቻሉ። የሚያውቁት ሰው ጓሮ ውስጥ ከእነዚህ አንዱ ካለ ጥቂት ፍሬ መለመን ይቻላል፤ ከሌለም በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ዘሩን መጠየቅ ነው። ጤነኛና በጎረቤት ዘንድ የተመሰገነ የአገር ቡና ያገኘ ሰውም አያፍርበት፤ ዋናው ነገር ዛፉን በዓይኑ ያየው መሆኑ ነው።

ፍሬው የሚለቀመው ሙሉ በሙሉ ሲቀላ ነው። አረንጓዴና ቢጫ የቀላቀለ ፍሬ ውስጡ ያልደረሰ፣ በዛፉ ላይ የጠቆረና የደረቀ ፍሬ ደግሞ ዘሩ የደከመ ነው። ከዛፉ ወገብ፣ ከቅርንጫፉም መካከለኛ ክፍል የተለቀመ ፍሬ ከጫፍና ከሥር ከሚለቀመው ይበልጥ ሞላ ያለ ሆኖ ይገኛል። መሬት የወደቀ ፍሬ ፈጽሞ ለዘር አይነሣ። ለሃያ እግር ቡና ስድሳ ያህል ቀይ ፍሬ ከበቂ በላይ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ በተለምዶ ሁለት ዘር ስላለው ለመምረጥም ለመጠባበቂያም ይተርፋል።

ፍሬውን ወደ ዘር መለወጥ

የጅማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ደረጃ ነው፤ ስሕተቱም ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን ከዕውቀት ብዛት የሚመጣ ይመስለኛል። ቡና ማድረቅን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ ፍሬው ሲለቀም እጃችን ሳይታዘዝ ወደ ፀሐይ ያሰጣዋል። ነገር ግን ለመጠጥ የሚሆን ቡናና ለዘር የሚሆን ቡና መንገዳቸው ከለቀማው ቀን ጀምሮ ይለያያል። የቡና ዘር እንደ ጤፍ ወይም እንደ በቆሎ አጥብቆ ደርቆ በጎተራ የሚከርም ዘር አይደለም። ውስጡ እርጥበት ያለው ሕያው ነገር ስለሆነ፣ በፀሐይ ተንኮሻኩሾ ሲደርቅ ፅንሱ ይሞታል። ከላይ ሲያዩት ግን ምንም የጎደለው አይመስልም። በአንድ ዓመት ለዘር የመረጥኩትን ከመጠጡ ቡና ጋር በአንድ ሰሌን ላይ አስጥቼ፣ በታኅሣሥ ሰማንያ ከረጢት ሞልቼ ዘርቼ፣ እስከ መጋቢት ድረስ ባዶ አፈር ሳጠጣ ቆይቻለሁ።

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው። ፍሬው በተለቀመበት ዕለት ወይም ቢበዛ በማግስቱ በጣት ተጨምቆ ይፈልፈል። በወፍጮ ወይም በሙቀጫ መፈልፈል ዘሩን ስለሚሰነጥቀው አይመከርም። የተፈለፈለው ዘር ንጹሕ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ይጨመርና በእጅ ይታመስ፤ የተንሳፈፈው ባዶ ወይም ያልሞላ ስለሆነ ተለቅሞ ይጣል። ወደ ታች የሰመጠው በዚያው ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ፣ ዘሩን የሸፈነው የሚያሙለጨልጭ ልባስ እስኪለቅ ድረስ በእጅ እየታሸ ይታጠብ። ዘሩ በጣት ሲያሹት የሸካራነት ስሜት ከሰጠ ታጥቦ አልቋል።

ከታጠበ በኋላ በወንፊት ወይም በንጹሕ ሰሌን ላይ በስሱ ተበትኖ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ይቀመጥ። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማገላበጥ ያስፈልጋል። የላዩ ውሃ ጠፍቶ፣ ፓርችመንት የሚባለው ቀጭን ነጭ ልባስ ደረቅ ሆኖ ሲታይ በቂ ነው፤ ውስጡ ግን እንዳይደርቅ መጠንቀቅ ይገባል። ለመለየት አንዱን ዘር ልባሱን ገፎ በጥፍር መጫን ነው፤ ጥፍሩ ጥቂት ምልክት ከተወ ዘሩ ሕያውነቱን የሚጠብቅበት እርጥበት አለው፤ እንደ ጠጠር ከጠነከረ ግን ከልክ በላይ ደርቋል።

ከመዝራት በፊት የመጨረሻው ምርጫ ይደረጋል። የተሰነጠቀው፣ በነቀዝ የተበሳው፣ ቅርጹ የተጣመመው፣ እንዲሁም በፍሬው ውስጥ ብቻውን አድጎ ክብ የሆነው ዘር ይወገድ። ጠፍጣፋ ሆዱና ቀጥተኛ ስንጥቁ በግልጽ የሚታይ፣ መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ ዘር ይቀር። ወዲያው መዝራት ካልተቻለ በጨርቅ ከረጢት ተደርጎ በቀዝቃዛና ነፋስ በሚያገኝ የቤት ክፍል ይቀመጥ። በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ ያሻግተዋል። ያም ሆኖ ዘሩ በየወሩ ኃይሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከሁለት ወር በላይ ባይቆይ መልካም ነው፤ ስድስት ወር ከቆየ በኋላ በእርሱ መተማመን አይቻልም።

አፈርና ከረጢት

ዘሩን በመደብ ላይ አብቅሎ በኋላ ወደ ከረጢት ማዛወር ይቻላል፤ ብዙ ሺህ ችግኝ ለሚያፈላ ጣቢያም ይመች ይሆናል። ለጓሮ ግን በቀጥታ በከረጢት መዝራትን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዝውውር ዋና ሥሩ የሚታጠፍበት አንድ ተጨማሪ አጋጣሚ ነው። ጥቁሩ የችግኝ ፕላስቲክ ዲያሜትሩ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከ22 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ተስማሚ ነው። ከዚህ ያጠረ ከረጢት ሥሩ ቶሎ መጨረሻ ላይ ደርሶ እንዲጠቀለል ያደርገዋል። የዘይት ጀሪካን ወይም ቆርቆሮ የሚጠቀም ሰው ጥልቀቱን ይለካ፤ ከሥሩም የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይብሳ።

የምንሞላው አፈር ከዛፍ ሥር፣ ቅጠል ከበሰበሰበት ቦታ፣ ከላይኛው 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር የተወሰደ ጥቁር አፈር ቢሆን ይመረጣል። ሦስት እጅ የዚህ ዓይነት አፈር ከአንድ እጅ በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ይቀላቀል። አፈሩ እንደ ብዙው የከተማችን ጓሮ ቀይና የሚጣበቅ ከሆነ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ማድረግ ውሃው እንዲወርድ ይረዳል። ትኩስ ፍግ ሥር ስለሚያቃጥል አይጨመር። አፈሩ በወንፊት ተነፍቶ፣ ድንጋይና ሥራሥሩ ተለቅሞ ይሙላ፤ በሚሞላበት ጊዜም ከረጢቱ መሬት ላይ ቀስ ተብሎ እየተመታ መካከሉ ባዶ እንዳይቀር ይደረግ።

አንድ ነገር በጥብቅ ይታሰብ፦ ቡና ደርቆ ከሞተበት ቦታ አፈር አይወሰድ። የቡናን ዛፍ ከነግንዱ የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ በአፈር ውስጥ ይቆያል፤ በእንዲህ ዓይነት አፈር የፈላ ችግኝ በሽታውን ወደ አዲሱ ጓሮ ይዞ ይገባል።

መዝራት

ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ለአንድ ቀንና ሌሊት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ። ትዕግሥት ያለው ሰው ነጩን ልባስ በጥፍሩ በጥንቃቄ ቢገፍፈው ዘሩ ፈጥኖ ይበቅላል፤ ዘሩን የሚያቆስል ከሆነ ግን ከነልባሱ መዝራት ይሻላል። ከረጢቶቹ ከአንድ ቀን በፊት በደንብ ይጠጡ።

በእያንዳንዱ ከረጢት መካከል 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦታ በጣት ይከፈትና ሁለት ዘር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ስንጥቅ ያለበት ጠፍጣፋ ሆዱ ወደ ታች መሆን አለበት። ጀርባው ወደ ታች ሆኖ የተዘራ ዘር መብቀሉ አይቀርም፤ ነገር ግን ሥሩ ወደ ታች ለመዞር ሲታገል አንገቱ ይጣመማል፤ ቀጥተኛ ሥር የመፈለግ ጉዳይ ከዚህች ትንሽ ድርጊት ይጀምራል። ዘሩ በስስ አፈር ተሸፍኖ፣ በላዩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር ይጎዝጎዝ። ጉዝጓዙ የበጋውን ፀሐይ ይከላከላል፣ የሌሊቱንም ቅዝቃዜ ያለዝባል፣ በምናጠጣበት ጊዜም ዘሩ ታጥቦ እንዳይወጣ ይይዛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ለጀማሪ ልብ የሚያስጨንቅ ነው። በጅማ የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛልና ችግኙ ብቅ ለማለት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። አፈሩን እየጫሩ ዘሩን ማየት ለጋውን ሥር ይቆርጣል፤ እባካችሁ አትንኩት። በመጀመሪያ የሚታየው ዘሩን እንደ ክብሪት ራስ በጫፉ የተሸከመ ቀጭን ግንድ ነው። ከሃያ ከረጢት በአሥሩ ያህል ይህ ሲታይ ጉዝጓዙ በጥንቃቄ ይነሣ፤ ከዘገየ ግንዱ ከሣሩ ሥር ተጣምሞ ያድጋል። ቀጥሎ ልባሱ ወድቆ ሁለት ክብ ቅጠሎች እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ይዘረጋሉ። ልባሱን በእጅ ለመግፈፍ መቸኮል አያስፈልግም፤ ለጋዎቹ ቅጠሎች አብረው ይቀደዳሉ። የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ ቅጠሎች ከወጡ በኋላ በእያንዳንዱ ከረጢት ጠንካራውና ቀጥ ያለው ይቀርና ሁለተኛው ከሥሩ በመቀስ ይቆረጥ። መንቀል የጎረቤቱን ሥር ያናጋል።

ዳስ፣ ውሃና ምልክቶች

ቡና የበለጤና የጌራን በመሰሉ የደቡብ ምዕራብ ደኖች ከትልልቅ ዛፎች በታች የሚበቅል ተክል ነው፤ ችግኙም ያንን ጥላ ይፈልጋል። በአራት ባላ እንጨት ላይ ርብራብ አድርጎ፣ በሣር ወይም በሙዝ ቅጠል ከፊል ብርሃን እንዲያሳልፍ በሳሳው መሸፈን በቂ ነው። የዳሱ ቁመት ሰው ጎንበስ ብሎ ሊሠራበት የሚችል ቢሆን፣ የጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ በኩል ቢገባ፣ የቀትሩና የከሰዓቱ ደግሞ ቢከለል ይስማማዋል።

ዘሩ እስኪበቅል ድረስ ጉዝጓዙን ገልጦ አፈሩን እየዳሰሱ፣ ሲደርቅ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ማጠጣት ነው፤ በበጋው ወራት ይህ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሆናል። ውሃው በወንፊት አፍ ባለው ማጠጫ ይፍሰስ። ሁልጊዜ የሚረጥብ አፈር የባሰ አደገኛ ነው፤ ለጋ ችግኝ ከመሬቱ ወለል ላይ ግንዱ ጠቁሮና ቀጥኖ በድንገት ከተኛ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የውሃና የጥላ መብዛት የሚያመጣው ፈንገስ ነው። የታመመው ከነከረጢቱ ይወገድ፣ ውሃው ይቀነስ፣ ዳሱም ጥቂት ይሳሳ።

በተቃራኒው ቅጠሉ ላይ መካከሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው ቡናማ የሆነ ክብ ነጥብ ከታየ ችግኙ ፀሐይ በዝቶበታል ወይም ምግብ አንሶታል፤ ጥላ መጨመርና በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት በላዩ መነስነስ ያሻሽለዋል። ግንዱ በሌሊት ተቆርጦ ካደረ አፈሩን በጣት ጫር ጫር ማድረግ ነው፤ ቆራጩ ትል እዚያው አጠገብ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ከመትከሉ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ የዳሱ ክዳን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተነሣ ችግኙ ብርሃንን ይለማመድ። ይህን ያላደረገ ሰው በተከለ በሳምንቱ የተቃጠለ ቅጠል ያያል።

ጉድጓድ

ጉድጓዱ የሚቆፈረው በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ነው። ርዝመቱ፣ ወርዱና ጥልቀቱ እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ። ለአንድ ቀጭን ችግኝ ይህ ሁሉ ቁፋሮ ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ፤ ቀዩ አፈራችን ከታች ጠንካራ በመሆኑ ሥሩ በመጀመሪያው ዓመት በቀላሉ የሚወርድበት የላላ መንገድ ማግኘት አለበት። የላይኛው ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው ቀይ አፈር በሌላ ወገን ይከመር። ጉድጓዱ ለፀሐይና ለነፋስ ተከፍቶ ከከረመ በኋላ፣ በግንቦት ጥቁሩ አፈር ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ይመለስበት። አፈሩ ዝናብ ሲያገኝ ስለሚሰጥም ከመሬቱ ወለል ከፍ ብሎ ይሞላ።

በቡናና በቡና መካከል 2 ሜትር ይተው። ዋንዛ፣ ሰሳ ወይም ብርብራ በጓሮው ወይም በአጥሩ ላይ ካለ ጥላው በቂ ነው፤ ከሌለ ሙዝ ወይም የርግብ አተር ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይተካዋል። ከባሕር ዛፍ አጠገብ ግን ቡና አይተከል፤ ውሃውን ይሻማዋል።

ተከላ

ደመናማ ቀን ወይም ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጥ። ቀጥ ያለ ግንድ፣ ጤነኛ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠልና ከ6 እስከ 8 ጥንድ ቅጠል ያለው ችግኝ ብቻ ይወሰድ፤ የተጣመመውን «ዝናቡ ያቀናዋል» ብሎ መትከል ቦታውን ማባከን ነው። ከረጢቱ ከዋዜማው ይጠጣ፤ ደረቅ አፈር ሲቀደድ ይፈርሳልና።

በተሞላው ጉድጓድ መካከል የከረጢቱን ያህል ቦታ ይከፈት። ከዚያም ከረጢቱ ከታች 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከነአፈሩ በስለት ይቆረጥ፤ በዚህ ክፍል የተጠቀለለ ሥር ካለ አብሮ ይወገዳል። ቀሪው ፕላስቲክ በጎኑ ተቀዶ፣ አፈሩ ሳይፈርስ ወጥቶ ችግኙ በቦታው ይቁም። ፕላስቲኩን ከነችግኙ የሚቀብሩ ሰዎች አሉ፤ ሥሩ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ይቀራል። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከመሬቱ ወለል ጋር እኩል ይሁን፤ ጠልቆ የተቀበረ አንገት ይበሰብሳል። ዙሪያው በእጅ ጠበቅ ተደርጎ ተጭኖ፣ ቅጠላ ቅጠል ወይም ሣር ይጎዝጎዝ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ከነካ ምስጥና ብስባሴን ይጋብዛል።

የመጀመሪያው ዓመት

በችግኙ ዙሪያ ያለው አረም በእጅ ይነቀል። ገጀራና ዶማ ግንዱን ያቆስላሉ፤ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት አድራቂ በሽታ ደግሞ የሚገባው በቁስል ነው። ከሌላ የቡና ቦታ የመጣ ስለት ሳይታጠብ ጓሮ አይግባ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ጉዝጓዙ ይታደስ፤ ቅጠሉ በማለዳም ጭምር ጠውልጎ ከታየ ለእያንዳንዱ እግር በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ ብሎ ይፍሰስ። በየቀኑ አንድ ኩባያ ማጠጣት ሥሩን ወደ ላይ ስለሚጠራው ጥልቅና የተራራቀ ውኃ ይሻላል።

ከሃያው ሁለት ወይም ሦስት ሳይጸድቁ ሊቀሩ ስለሚችሉ፣ አራት ወይም አምስት ችግኝ በከረጢታቸው ሆነው በዳሱ ሥር ይቆዩ። እስከ ነሐሴ አጋማሽ የጎደለው ቦታ ወዲያው ይተካ፤ ከዚያ በኋላ የሞተውን ግን ለሚቀጥለው ሐምሌ ማቆየት ነው፤ መጠባበቂያዎቹም ከአንድ ክረምት በላይ የሚከርሙ ከሆነ ሥራቸው እንዳይጠቀለል ወደ ሰፊ ከረጢት፣ አፈራቸው ሳይፈርስ፣ በመስከረም ይዛወሩ።